የነፃ ፎቶ አንሺ ዕዳ

በነፃ የሚሠራ ሰው ያስፈራኛል። ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም፤ ከራሴ ነው የተማርኩት። እኔው ራሴ በነፃ ፎቶ የማነሣ ሰው ነበርኩ።

በ1990ዎቹ ከሚሴ ውስጥ መምህር ሆኜ ስሠራ ዜኒት የምትባል የሩስያ ካሜራ ነበረችኝ። ሶቭየት ኅብረት ተምሮ የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው የሰጠኝ። ክብደቷ የጡብ ያህል ነው፤ አንገት ላይ ስትንጠለጠል ውላ ስታድር ታጎብጣለች። ግን እወዳት ነበር። ሠርግ ሲኖር፣ ተማሪ ሲመረቅ፣ ሕፃን ልጅ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ እጠራለሁ። ፊልሙን የጠራኝ ሰው ይገዛል፤ የማሳጠቢያውንም እርሱ ይችላል። ለድካሜ ግን ሳንቲም አልቀበልም። “መምህሩ እኮ ገንዘብ አይወድም” ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ለካስ ገንዘብ የማይወድ ሰው ሌላ የሚወደው ነገር አያጣም።

ከሚሴን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ጎረቤቶቿ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ሜዳ ናቸው። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። አንድ ሰው ጨዋታውን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ቢጨርሰው ማንም ልብ አይለውም። ሠርጉ በአብዛኛው የሙስሊም ሠርግ ነው። ዳሱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ መንገደኛም ቢሆን ጎራ ብሎ በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ሙሽራዪቱና ሴቶቹ ያሉበት ቤት ግን የራሱ በር አለው። ያንን በር ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም።

ጥር 1998 ዓ.ም. ነው። ዐረፋ አልፏል። አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ እኅቱን ሊድር ሆነና “መምህር፣ ካሜራህን ይዘህ አንተው ትመጣለህ፤ ሌላ ሰው አልጠራም” አለኝ። ሁለት ባለ 36 ፊልም ገዛ። እኔም ልብሴን አጥቤ፣ ጫማዬን ወልውዬ በጠዋት ተገኘሁ።

የመጀመሪያውን ፊልም ዳሱ ውስጥ ጨረስኩት። ኒካህ ሲታሠር፣ ቃዲው ሲጠይቅ፣ የሙሽራዪቱ አባት የሙሽራውን እጅ ሲጨብጡ፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ፣ ሁሉንም አነሣሁ። ቆጣሪዋ 36 ስትል ጠቅልዬ አወጣኋትና ሁለተኛውን ጎረስኩላት።

ከዚያ ወዳጄ መጣና “ና፣ እኅቴንም አንሣልኝ፤ ለእኛ ለቤተሰቡ ማስታወሻ ብቻ ነው” አለኝ። ያንን በር ከፍቶ አስገባኝ። እናቲቱና አክስቶቿ ሙሽራዪቱን ከበው ሊያስጌጧት ፀጉሯን ፈትተውታል። በትንሿ መስኮት የገባው ብርሃን ግማሽ ፊቷን ይዟል። እናቷ አንድ ነገር አለቻትና ልጅቷ ዕንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔ መኖሬን አላየችም። ፍላሽ ሳልጠቀም አንዴ ቀጭ አደረግሁ። ቆይታ አየችኝና ሻሽዋን ሳበች። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ ናት፤ ስለ ራሷ መልስ መስጠት የምትችል። ግን አልጠየቅኋትም። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?

በሳምንቱ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን አልፌ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ፊልሞቹን ደሴ አንድ ስቱዲዮ ሰጠሁ። ልቀበል ስሄድ ባለቤቱ የመጀመሪያውን ፊልም ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ አሳየኝ።

“መምህር፣ ይቺ ባዶ ናት።”

የፊልሙ ጫፍ መጠቅለያው ላይ አልያዘም ኖሯል። ካሜራዋ ትቆጥራለች፣ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ፊልሙ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ኒካሁ፣ ቃዲው፣ የአባትየው እጅ፣ ምርቃቱ፣ አንዱም የለም። እግሬ ከዳኝ። ፊልም ከከተተ በኋላ የመመለሻዋ እጀታ መዞሯን ማየት የጀማሪ ትምህርት ነው። አላየሁም።

ሰውየው ሊያጽናናኝ መሰለኝ ሁለተኛውን አወጣ። “ይቺን ግን ማን አነሣት?” አለ። ያቺ የመስኮቱ ፎቶ ናት። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። “በትልቁ አጥቤልሃለሁ፣ ሒሳብ የለውም” ብሎ ሰጠኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ስንት ቅጂ እንዳጠበ አልጠየቅሁም።

ከሚሴ ስመለስ የፈራሁት ባዶውን ፊልም መናገር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቃል ስመርጥ አደርኩ። ጠዋት ሄጄ ለአባትየው ነገርኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው አዩኝና “አብሽር ልጄ፣ አላህ ያላለው ነው። ኒካሁ እንደሆነ ታሥሯል” አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ቀን ከተራራ በታች እንደተቀበረ ሰው ተፈነቀለልኝ። የሙሽራዪቱን ፎቶዎች በፖስታ ለወንድሟ ሰጠሁ። ተከደነ አልኩ።

በመጋቢት ለራሴ ጉዳይ ደሴ ሄጄ በዚያ ስቱዲዮ በኩል ሳልፍ ልጅቷ መስታወቱ ላይ ተሰቅላለች። በፍሬም። ፀጉሯ እንደተፈታ፣ ያ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ።

አሁን እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው። አልተቆጣሁም። አልደነገጥኩም። ማዶ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ሁለት ሴቶች ቆም ብለው አዩዋትና ተነጋግረው አለፉ። አንድ ጎረምሳ ቆመ። ደረቴ ተነፋ። ገብቼ ባለቤቱን ሰላም አልኩት። “ማን ነው ያነሣት እያሉ ይጠይቁኛል፤ ስምህን እነግራቸዋለሁ” አለኝ። ሻይ አስመጣ። ጠጣሁ። “አውርዳት” የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ እንኳ አልመጣም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሙሽራው አጎት ታማሚ ሊጠይቅ ደሴ ሄደ። መስታወቱን አየ። ከሚሴ ሲመለስ ነገሩ ከእርሱ ቀድሞ የገባ ይመስል ከተማው ሁሉ አወቀው። ባልየው ሚስቱን “መቼ ነው ደሴ ሄደሽ የተነሣሽው? ማን ፊት ነው ፀጉርሽን የፈታሽው?” አላት። ልጅቷ ስለምን እንደሚያወራ አታውቅም። ፎቶው መኖሩን የሰማችው ከባሏ ቁጣ ነው። ልብሷን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ የታወቁ አስታራቂዎች አሉ፤ ከተቀመጡት ሦስቱ አንዱ ከእነርሱ ወገን ናቸው፤ አንዱ ሼህ ናቸው። አባትየውም ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ቡና ተፈላ። እኔ መከላከያዬን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።

“ልጄ፣ ለፎቶው ስንት ተከፈለህ?” አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

“ምንም አልተከፈለኝም፣ አባባ። በነፃ ነው ያነሣሁት።” ይህን ስናገር ቀና ብዬ ነው። ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሎኛል።

“ስቱዲዮውስ ከፈለህ?”

“አልከፈለኝም።”

“መሰቀሏን አይተህ ነበር?”

“አዎ። አይቻለሁ።”

“ዝም አልክ።”

“ዝም አልኩ።”

ሽማግሌው ፍንጃላቸውን አስቀመጡ። “እንግዲያው ዋጋህን ከየት አገኘህ?” አሉኝ።

ሰው ዋጋ ሳያገኝ ሦስት ሳምንት ዝም አይልም ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ መስታወቱ ፊት የተነፋው ደረቴ ትዝ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሼሁ ቀጠሉ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ አማና ስለሚባለው ነገር ነገሩኝ። እኛ አደራ የምንለው ነው። ሰው ዕቃውን አማና ቢያስቀምጥህ፣ አንተም በወጉ ይዘኸው ሳለ ቢጠፋ፣ ቢቃጠል፣ ጎርፍ ቢወስደው፣ ሸሪዓው ክፈል አይልህም። ችላ ብለህ ከሆነ ወይም ከተሰጠህ ጉዳይ ውጭ ካዋልከው ግን ያኔ በአንተ ላይ ነው። “ለማስታወሻ ነው ተብሎ ነው የተሰጠህ። ለማስታወቂያ ነው ያዋልከው” አሉኝ። ባዶ የወጣው ፊልም ጉዳይ ሲነሣ አባትየው እጃቸውን ወዝወዝ አድርገው “እርሱ አልፏል” አሉ።

ልጅቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ስትሰማ ቆይታ ኖሮ ትናገር ተባለ። የተናገረችው አንድ ነገር ነው።

“ወንድሜ ፈቀደልኝ ይላሉ መምህሩ። ባሌም ማን ፈቀደልሽ ይለኛል። እኔን ማን ጠየቀኝ?”

ማንም ዝም አለ። ወንድሟ አቀረቀረ። ሦስት ወንዶች፣ ወንድምየው፣ እኔና ባለ ስቱዲዮው፣ በፊቷ ላይ ተፈቃቅደናል። ፊቱ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ውሳኔው ቀላል ነበር። ከወንድሟ ጋር ደሴ ሄጄ ፎቶውን አስወርጄ፣ ያሉትን ቅጂዎች ሰብስቤ፣ ኔጋቲቩን ጨምሬ በእጇ እንዳስረክብ፤ ለባሏ ቤተሰብ ሁሉም ባሉበት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እንድናገር፤ ከዚያም አውፍ እንድባል። አደረግሁት። ባለ ስቱዲዮው ወዲያው አወረደ፤ እንዲያውም አዝኖ “በነገርከኝ ኖሮ” አለኝ። ልጅቷም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ገንዘብ የጠየቀኝ የለም።

ዓመታት አልፈው አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን “በፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮስ?” ብዬ ጠየቅሁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ አሳየኝ። ለሁለቱም ፊልሞቼ ቦታ አለው።

ስለ ባዶው ፊልም መጀመሪያ። እኔና ወዳጄ ወረቀት አልተፈራረምንም፤ ግን ሕጉ ልዩ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። “አነሣልሃለሁ” ማለት ራሱ ቃል መግባት ነው። ገንዘብ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ካሣ ይከተላል። “ካሜራው እንቢ አለኝ” የሚል ባለሙያ ደግሞ ከአቅም በላይ ነው ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፤ ከአቅም በላይ የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል፣ ሊወጡትም የማይቻል ነገር ሲሆን ነው። የፊልም አለመያዝ፣ የባትሪ ማለቅ፣ ዛሬም የሚሞሪ መበላሸት ይታሰባል። ነገር ግን ውሉ ለአንዱ ወገን ጥቅም ብቻ የተደረገ ሲሆን፣ በነፃ የሚሠራው ወገን በካሣ የሚጠየቀው ከባድ ጥፋት ሲፈጽም ብቻ ነው። ሼሁ ስለ አማና ከነገሩኝ ጋር ገጠመብኝ። ከሚሴ ቡና ላይ የሰማሁት ነገር ከሕጉ ብዙም አይርቅም።

ስለ ልጅቷ ፎቶ ደግሞ አንቀጽ 27 አለ። የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ፣ ሊሸጥ አይችልም። ፈቃዱ የባለቤቱ ነው፤ የወንድም አይልም፣ የባል አይልም፣ ሠርጉን የደገሰው ሰው አይልም። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ከእነርሱ አንዱ በአደባባይ የተደረገ ሁኔታ ወይም ሥነ ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ፎቶ አንሺ ይጠፋል። ሠርግ አደባባይ ነው ወይስ ቤት? እንደ እኔ ሁለቱንም ነው። ድንበሩም ያ በር ነው። ዳሱ ውስጥ ያነሣሁት ሽማግሌ ሺህ ሰው እያየው የመረቀ ሽማግሌ ነው። በሩን አልፌ ያነሣኋት ልጅ ግን ለእናቷ ብቻ የሳቀች ልጅ ናት። ፎቶ አንሺ በዚያ በር እንዲገባ የሚፈቀድለት እንደ ሐኪም፣ እንደ አዋላጅ ነው፤ ያየውን ይዞ እንዲወጣ አይደለም።

የሕጉ መድኃኒት ግን አንቀጽ 29 ላይ ያጥራል። ባለ ፎቶዋ ይውረድልኝ ማለት ትችላለች። የሰቀለው ሰው ከፎቶው ጥቅም አግኝቶ ከሆነ ዳኛው እስከ ጥቅሙ ልክ ካሣ ሊያስከፍለው ይችላል። የኅሊና ካሣ የሚታሰበው ግን አውርድ ተብሎ ወዲያው ሳያወርድ ሲቀር ነው። ባለ ስቱዲዮው ወዲያው አውርዷል። ስለዚህ እናቷ ቤት ያሳለፈቻቸው ሌሊቶች በሕግ ዋጋ የላቸውም ማለት ነው።

ቢኖራቸውስ? አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የሙሽራ ጫማ አይገዛም። አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የፎቶግራፍ ሥራን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል፤ መብቱ ለተጣሰበት ሰው የሚከፈለው የሞራል ካሣም ከ100,000 ብር አያንስም ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ያንን ፎቶ አንድ ሰው ሰርቆብኝ ቢሆን ኖሮ፣ ለእኔ ለአንሺው ከ100,000 ብር ያላነሰ። ፊቷ ለተሰረቀባት ልጅ ከ1,000 ብር ያልበለጠ። የሁለቱ ሕጎች ዕድሜ ይለያያል፤ ማንም ሆን ብሎ አላመዛዘናቸውም ይሆናል። ቢሆንም የአንድ ወረቀት ሁለት ጎን ናቸው፤ ከወረቀቱ ላይ ያለው ፊት ርካሽ ሆኖ የጫነው ጣት ውድ ሆኗል።

ወዳጄ ሌላም ነገር አጫወተኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በእርሳቸው አገር ደግሞ የምስል መብት የሚባለው ነገር ሲተረክ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ነው። ራሼል የምትባል ዝነኛ የቴአትር ተዋናይት በፈረንጆች 1858 ሞተች። እኅቷ የሟቿን ፊት ለቤተሰቡ ማስታወሻ እንዲያነሡ ፎቶ አንሺዎች ጠራች። ከዚያ ፎቶ የተቀዳ ሥዕል ወጥቶ ለገበያ ዋለ። እኅትየዋ ከሰሰች፤ የፓሪሱ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ሥዕሉ እንዲያዝ አዘዘ። ስሰማ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። “ለቤተሰቡ ማስታወሻ ብቻ።” ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ቀድሞ ፓሪስ ላይ የተባለውን ቃል ነው ወዳጄ ከሚሴ ላይ የነገረኝ። ሁለቱም ጊዜ ፎቶው ከቤት የወጣው ቤተሰቡ ራሱ አምኖ ባስገባው ሰው በኩል ነው።

እዚህ ላይ ሊሞግተኝ የሚፈልግ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። “አንተ ሰውዬ፣ በነፃ የሚያገለግለውን ሁሉ እንዲህ ካስፈራራኸው ለድኃ ሠርግ ማን ፎቶ ያነሣል?” ይለኛል። እውነት አለው። ባለሙያ የሚከፍለው ያጣ ቤት ብዙ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ እንደ እኔ ያለ መምህር ባይኖር ስንቱ ሰው የእናቱን ፊት ዛሬ ባላየ ነበር። ያ የሙሽራዪቱ አባት በዚያው ዓመት ክረምት ላይ አረፉ። ቤተሰቡ ፎቶ ቢፈልግ ከመታወቂያቸው ጉርድ በቀር አልተገኘም። ያቺ ባዶ ፊልም ናት። እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ቢሆንም እርሳቸው ራሳቸው በአንደበታቸው አልፏል ብለዋል፤ ሕጉም ሸሪዓውም ከእርሳቸው ጋር ናቸው። በነፃ ለሚሠራ ሰው ያለ ክፋት ለሳተው ይቅር ማለት ተገቢ ነው፤ ያለዚያ ደግ ሰው ይጠፋል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። “በነፃ ነው” የሚለው ቃል የእጅን ስሕተት ይሸፍናል፤ የልብን አይሸፍንም። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ዋጋው ይታወቃል፤ ተከፍሎታል፣ ሒሳቡ ተዘግቷል። በነፃ የሠራ ሰው ግን ዋጋውን በሌላ መንገድ መፈለጉ አይቀርም። በምስጋና፣ በስም፣ “ማን ነው ያነሣት?” በመባል። ሒሳቡ ስላልተጻፈ እስከ የት እንደሚወስድ ራሱም አያውቅም። እኔ የወሰድኩት የአንዲት ልጅን ሳቅ ነው። ብር ብትከፍለኝ ኖሮ ምናልባት “ይህ የደንበኛዬ ነው” ብዬ አስወርደው ነበር። በነፃ ስላነሣኋት የእኔ መሰለችኝ።

ዛሬ ያ ስቱዲዮ አያስፈልግም። መስታወቱ በየሰው ኪስ ገብቷል። አንድ ሠርግ ላይ አንድ ተከፋይ ባለሙያ ቢኖር መቶ ነፃ ፎቶ አንሺ አለ። ሙሽራዪቱ ከመኪና ሳትወርድ ቴሌግራም ላይ ትደርሳለች፤ ዳሱ ሳይፈርስ ቲክቶክ ላይ ትጨፍራለች። በዚያ በር በኩልም ስልክ እንደ ልቡ ይገባል፤ የያዘችው ሴት ስለሆነች ማንም አይከለክላትም። ስልኩ ውስጥ ግን ወንዱም፣ ደሴም፣ ጅዳም አብሮ ገብቷል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ማንነታችን የሚታወቅበት ነገር ሁሉ የራሳችን መሆኑን ይነግረናል። መልካም ነው። ነገር ግን “ይውረድልኝ” የሚለው የድሮው መድኃኒት የተቀመመው መውረድ ለሚችል ነገር ነው። ከደሴው መስታወት አንድ ፍሬም በአምስት ደቂቃ ወርዷል። አሁን ሺህ ሰው ስልክ ላይ ያለውን ማን ያወርደዋል? የሚያዋጣው ከመሰቀሉ በፊት መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ካሜራ ወይም ስልክ ይዞ የወዳጁ ሠርግ ላይ ለሚቆም ሰው የምለው ጥቂት ነው። ባለሙያ አለመሆንህን አስቀድመህ ተናገር፤ ቢበላሽብኝ አትዘኑ በል። ዕቃህን ከቤትህ ሳትወጣ ሞክረው። ካሜራህ ሁለት ሚሞሪ የሚይዝ ከሆነ ሁለቱንም ክተት። ፎቶዎቹን ለማን እንደምትሰጥ፣ ራስህ ዘንድ ምን እንደሚቀር ተነጋገር። ከሁሉም በፊት ግን የጠራህን ሰው ሳይሆን የምታነሣትን ሰው ጠይቅ። ሙሽራ ሥራ ይበዛባታል፣ ታፍራለች፣ ሰው ከቧታል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ደቂቃ አታጣም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሽማግሌዎቹ ቅጂዎቹን ሁሉ አስረክብ ሲሉኝ ሁሉንም አላስረከብኩም። ያቺ ባለ ስቱዲዮው በትልቁ አጥቦ በነፃ የሰጠኝ መጽሐፍ ውስጥ ነበረች። ዝም አልኩ። ለማንም አላሳየኋትም፤ አላባዛኋትም፤ ሕግ ቢጠይቀኝ ምንም አላጠፋሁም። ከከሚሴ ስቀየር አብራኝ ሄደች። ሦስት ቤት ስቀያይር አብራኝ ዞረች። አንዳንዴ ማታ አወጣትና ብርሃኑን አያለሁ። ብርሃኑን ነው የማየው እል ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ለለቅሶ ከሚሴ ሄድኩ። ልጅቷ አሁን የልጆች እናት ናት። ከለቅሶው ቤት ስትወጣ ሰላም አልኳትና ፖስታውን ሰጠኋት። ምን እንደሆነ ነገርኳት። ከፍታ ብዙ ጊዜ አየችው።

“ያኔ ሁሉንም ሰጠሁ ብለው አልነበር?” አለችኝ።

“ዋሽቼ ነው። አውፍ በዪኝ።”

ፖስታውን አጥፋ ከነጠላዋ ሥር አስገባችው። “ለዚያኛው ያኔ ብያለሁ። ይቺን ግን ላስብበት” ብላኝ ወደ ሴቶቹ ሄደች። እስካሁን መልሷን አልሰማሁም። ፎቶውን ምን እንዳደረገችውም አልጠየቅኋትም።